የአሌጌኒ ካውንቲ ፍርድ ቤት፦ በሩ ለምን ቤዝመንት ያስገባል?

ጥያቄው፦ «የኪነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። ፒትስበርግ መሃል ከተማ ያለው የአሌጌኒ ካውንቲ ፍርድ ቤት አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት ታላላቅ ሕንፃዎች አንዱ ነው ተብለን ተምረናል። በግራንት ጎዳና በኩል ስገባ ግን የተቀበለኝ ጣሪያው ዝቅ ያለ ደብዛዛ ኮሪደር ነው። ያ የሚወራለት ደረጃ ያለው ከዚያ በላይ ነው። አርክቴክቱ መግቢያውን ለምን እንዲህ አደረገው? ያ ሁሉ ማማስ ለምን ይጠቅማል? ሁለተኛ ስሄድ ምን ምን ልመልከት?»

አርክቴክቱ እንዲህ አላደረገውም። እርስዎ የገቡበት ወለል በአርክቴክቱ በሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን ንድፍ ላይ ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ ምድር ቤት ነው። ሕንፃው የተጠናቀቀው በ1888 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ከ25 ዓመት በኋላ ከተማው ፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ ቆፍሮ ዝቅ አደረገው፤ ቤዝመንቱ ፀሐይ ያየው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ስለሚገባ ሕንፃውን የሚተዋወቀው ከእግሩ ጀምሮ ነው፤ ቅር መሰኘትዎ ትክክል ነው።

ነገሩን ከኮረብታው እንነሳ። ቦታው የግራንት ኮረብታ ይባል ነበር። ስሙን ያገኘው በ1758 እዚያ ላይ በፈረንሳዮችና አብረዋቸው በተሰለፉ የአገሬው ተወላጆች ከተሸነፈው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ከሜጀር ጄምስ ግራንት ነው። ካውንቲው ሁለተኛ ፍርድ ቤቱን እዚሁ ኮረብታ ላይ ሠርቶ ነበር፤ እሱም ሜይ 7 ቀን 1882 ተቃጠለ። ለምትኩ አምስት አርክቴክቶች ንድፍ እንዲያቀርቡ ተጋበዙ፤ በ1884 መጀመሪያ ላይ ሪቻርድሰን ተመረጠ። ቦስተን ላይ በሠራው በትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ስሙ የገነነ ሰው ነው። ሥራውን የወሰዱት ተቋራጮችም ያንኑ ቤተ ክርስቲያን የገነቡት ኖርክሮስ ወንድማማቾች ናቸው። ይህን እንደ ተራ መረጃ አይለፉት። የአርክቴክቱን ፍላጎት ከሥዕል ሳይሆን ከልምድ የሚያውቅ ተቋራጭ ባይኖር፣ ኋላ የማነሳልዎት የድንጋይ ሥራ እንዲህ አይወጣም ነበር።

ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ከሮስ ጎዳና ማዶ ያለው ወህኒ ቤት ቀድሞ፣ በ1886 አለቀ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ሪቻርድሰን በኩላሊት በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 47 ነበር። የፍርድ ቤቱን መጨረሻ አላየም። ሥራውን የፈጸሙት ቢሮውን የተረከቡት ሼፕሊ፣ ሩታን እና ኩሊጅ ናቸው። ሁለቱም ሕንፃዎች አንድ ላይ የፈጁት ወደ 2.25 ሚሊዮን ዶላር ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ኮረብታው በ19ኛው ክፍለ ዘመንም በየጊዜው ሲቆረጥ የኖረ ነው፤ የቀረው ጉብታ ግን አሁንም ለጋሪና ለከተማ ባቡር ዳገት ሆኖ አስቸገረ። ከተማው በ1912 እና 1913 ጉብታውን አነሳው፤ ጥልቅ በሆነው ቦታ ወደ 5 ሜትር ያህል ተቆርጧል። ፍርድ ቤቱ ባለበት ቆመ፣ መንገዱ ወረደ። በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር መጣ። አንደኛ፣ ዋናው መግቢያ አየር ላይ ቀረ። ሁለተኛ፣ አፈር ለብሶ ይኖራል ተብሎ የተሠራው የመሠረት ግንብ የሕንፃው ፊት ሆነ። በ1920ዎቹ ግራንት ጎዳና ሲሰፋ በካውንቲው አርክቴክት በስታንሊ ራውሽ እጅ መግቢያዎቹ ወደ ታች እንዲረዝሙ ተደረገ። እርስዎ የገቡበት ይህ ነው።

ይህን በቃሌ ብቻ አይመኑ፤ በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ ያለው የፍሪክ ሕንፃ በ1902 ያለቀ ነው፤ ከቁፋሮው በፊት ማለት ነው። እሱም እንደዚሁ ቤዝመንቱ ተጋልጦ የመግቢያ ወለል ሆኗል። በፍርድ ቤቱ ጎን ያለው የከተማና የካውንቲ ሕንፃ ደግሞ ከቁፋሮው በኋላ ተሠርቶ በ1917 ያለቀ ስለሆነ መግቢያው ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ ካዩ የ1913 ቁፋሮ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ያነቡታል።

የጠፋው ምንድን ነው? ሪቻርድሰን ያሰበው አገባብ የራሱ ቅደም ተከተል ነበረው። ከውጭ ከባድ ቅስት ሥር ያልፋሉ፤ ትንሽ ጠበብ፣ ጨለም ይላል፤ ወዲያው የደረጃው አዳራሽ ወለል ብሎ ይከፈታል። ጠባቡ ስፍራ አጭር ስለሆነ ሰፊው ይበልጥ ሰፊ መስሎ ይታያል። አሁን ግን ጠባቡ አንድ ሙሉ ፎቅ ሆኗል፣ ስለዚህ ያ ስሜት ተበላሽቷል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከፍተሻው ሲያልፉ ታች አይቁሙ፤ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ፎቅ ይውጡና ጀርባዎን ለግራንት ጎዳና ሰጥተው ይቁሙ። ሪቻርድሰን ለጎብኚው ያሰበው መነሻ እዚያ ነው። ደረጃውን የተሸከሙት ክብ ቅስቶች አንዱ በሌላው ውስጥ እየታየ፣ አንዱ ሌላውን እየቆረጠ ወደ ላይ ይሄዳል። ጌጥ ፍለጋ አይድከሙ፤ የለም ማለት ይቻላል። ሥራውን የሠሩት የቅስቱ ውፍረትና ከጎን የሚገባው ብርሃን ናቸው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል ካሉ፣ ከውስጠኛው ግቢ። የሕንፃው ፕላን በግምት 90 ሜትር በ60 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ መሃሉ ክፍት ነው። ኤሌክትሪክ መብራት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን አንድ ችሎት ጽሑፍ የሚያነበው በመስኮት ብርሃን ነው። ሕንፃውን ድፍን አድርጎ መሥራት ማለት መሃሉን ጨለማ ማድረግ ነው። ስለዚህ ግቢው ተተወ፤ ክፍሎችና ኮሪደሮች ከመንገድ ወይም ከግቢ መስኮት አገኙ። ግቢው ለብዙ ጊዜ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ ፏፏቴ ያለው መናፈሻ ተደርጓል። በእኔ ግምት የሕንፃው ምርጥ ስፍራ ይህ ነው። መንገዱ ሲወርድ የውጭው ፊት ተነካ፤ ግቢው ግን ቁመቱንና መጠኑን እንደጠበቀ ነው። የመስኮቶቹን አደራደር ከታች ወደ ላይ ይከተሉ፦ ከታች ሰፋፊ ቅስቶች፣ ከላይ ጠበብ ጠበብ ያሉ፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ ደቃቅ። ድንጋዩ እየቀለለ የሚወጣ የሚመስለው በዚህ ነው።

ስለ ማማው ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሱት፤ ብዙ ሰው ለግርማ ሞገስ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ግርማ አለው፤ ወደ 76 ሜትር ስለሚረዝም እስከ 1902 ድረስ በከተማው ከሁሉ ረጅሙ ሕንፃ እሱ ነበር። ዋና ሥራው ግን አየር ማስገባት ነው። የዚያን ዘመን ፒትስበርግ የብረታ ብረት ፋብሪካና የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት፤ መንገድ ላይ ያለው አየር ጥቀርሻ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ችሎት ማስቻል አይቻልም። ስለዚህ አየሩ ከማማው ጫፍ፣ ጭሱ ከሚከማችበት በላይ ይሳባል፤ በማማው ውስጥ ወርዶ ቤዝመንት ይደርሳል፤ እዚያ ይሞቅና በግድግዳ ውስጥ በተሠሩ የአየር ቦዮች ወደ ክፍሎቹ ይከፋፈላል። ከጀርባ ያሉት ሁለት ማማዎች ደግሞ በክፍሎቹ የታፈነውን አየር ያስወጣሉ። አንዱ አፍንጫ፣ ሁለቱ ጭስ መውጫ ናቸው ማለት ነው። ሪቻርድሰን ወፍራም ግድግዳ የወደደው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ቦዮቹን የሚሸሽግበት ውፍረት ያስፈልገው ነበር። ማማው «ባዶ ነው» ሲባል ከሰሙ ባዶነቱ ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው።

ጥቀርሻው የውጭውንም መልክ ወስኗል ብዬ አምናለሁ። ደቃቅ ቅርጻ ቅርጽ ባለበት ጥቀርሻ ጎድጓዳው ውስጥ ይሞላና ከጥቂት ዓመት በኋላ ጌጡ አይታይም። ትልልቅ ብሎክ፣ ጥልቅ ጥላ፣ ቀላል ቅርጽ ግን ጠቁሮም ይነበባል። ድንጋዩ ከሚልፎርድ፣ ማሳቹሴትስ የመጣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ግራናይት ነው። ከጀርባው ጡብ አለ፤ ሙሉ ግድግዳው ግራናይት ነው ብለው አይጻፉ፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበሉና አንዱን ብሎክ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ይመልከቱ። ፊቱ ከድንጋይ ካባ እንደወጣ ጎርበጥባጣ ነው፤ ጠርዙ ግን ቀጥ ያለ ነው። ድንጋይ ጠራቢው በመሮ አራቱን ጠርዞች ያስተካክላል፣ የላይና የታች መኝታውን (ከሌላው ድንጋይ ጋር የሚደራረብበትን ገጽ) ያለሰልሳል፤ መሃሉን ይተወዋል። ጉልበቱን ያዋለው በማይታየው በኩል ነው ማለት ነው፤ ድንጋይ ጭነት የሚያስተላልፈው በመኝታው እንጂ በፊቱ አይደለም። መኝታው ካልተስተካከለ ጭነቱ በአንድ ጉብታ ላይ ያርፍና ብሎኩ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ እጅዎን መጋጠሚያው ላይ ያሳልፉ፤ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያስተውሉ። ይህ ሁሉ በደንብ የሚታየው ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን ስትገርፈው ነው። የግራንት ጎዳና ፊት ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይሂዱ፤ ቀኑ ሲመሽ ከማዶ ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ጥላ ይጥሉበታል።

ቅስቱ እንዴት እንደሚሠራ ካልገባዎት የሕንፃው ግማሽ ያመልጥዎታል። መጀመሪያ ከእንጨት ግማሽ ክብ ካሳፎርማ፣ ማለትም ድንጋዩን ለጊዜው የሚደግፍ ቅርጽ ይቆማል። ሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ከግራና ከቀኝ እኩል እየተደረደሩ ይወጣሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ ካሳፎርማው ይጣመማል። መጨረሻ ላይ የመሃሉ ድንጋይ ይገባል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማያያዣ ሲጠነክር ካሳፎርማው ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ቅስቱ ራሱን ይሸከማል፤ ግን ጎንና ጎኑን ወደ ውጭ ይገፋል። ክብ ቅስት ከሾጣጣው ይልቅ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የበረታ ነው። ሪቻርድሰን ግፊያውን የሚመልሰው ከቅስቱ ግራና ቀኝ ብዙ ግድግዳ በመተው፣ በማዕዘኖቹም ከባድ ነገር በማቆም ነው። ስለዚህ በር ለማስፋት ብሎ ከቅስት ጎን ግድግዳ መብሳት በእንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ ሊደረጉ ከሚችሉ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ስንጥቁ የሚታየው ከተበሳው ቦታ ሳይሆን ከቅስቱ አናት ነው።

ከጥገና አንፃር ጥቂት ልበል፣ ለተማሪ ይጠቅማል። ግራናይት ራሱ ውኃ እምብዛም አይጠጣም፤ ውኃ የሚገባው በመጋጠሚያው ነው። የእንዲህ ያለ ግድግዳ ጤና የሚለካው በፖይንቲንጉ፣ ማለትም በመጋጠሚያው አሞላል ነው። የተለመደው ጥፋት አሮጌውን ለስላሳ ማያያዣ አውጥቶ በሲሚንቶ ብቻ መሙላት ነው። ሲሚንቶው ግትር ስለሆነ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ በፀጉር ስፋት ይላቀቃል። ዝናብ በዚያ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል፤ ከጀርባ ያለውን ጡብ ያረጥባል። ክረምት ሲመጣ ውኃው በረዶ ሆኖ ይዘቱ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል፤ ድንጋይ ይገፋል። ድንጋዮቹን ከጀርባ የሚይዝ ብረት ካለ ደግሞ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ የብሎኩን ማዕዘን ፈንቅሎ ይጥላል። ኖራ ያለበት ድብልቅ ግን እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ መሰንጠቅ ካለም የሚሰነጠቀው እሱ ነው፣ ድንጋዩ ይተርፋል። የጎንደርን ግንብ በኖራ ያቆሙት ሰዎች ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አሮጌው ማያያዣ ከመጋጠሚያው ስፋት 2 ወይም 2.5 እጥፍ በሆነ ጥልቀት ይወጣል። መጋጠሚያው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀጭን መጋጠሚያ ላይ ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ) ከመያዝ በእጅ መሮ መሥራት ይሻላል፤ ግራይንደር አንዴ ካመለጠ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል፣ መጋጠሚያውም ለዘላለም ሰፍቶ ይቀራል። ከዚያ በውኃ ይታጠባል። መሙላቱ በየ6 ሚሊ ሜትሩ ንብርብር ነው፤ አንዱ ንብርብር በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ ሲሆን ቀጣዩ ይገባል። አንዴ ጥቅጥቅ አድርጎ የሞላ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይመጣል። ቀኑ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወይም ከ35 በላይ ከሆነ ሥራው ይቆም፤ የተሞላውም ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ስለ ጽዳት አንድ ነገር ብቻ፦ የአሸዋ ርጭት አይነካካ፣ የጠራቢውን መሮ አሻራ ይፍቃል። ለግራናይት የሚውለው የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ማጽጃም የመስኮት መስታወት ይበላል፤ መስኮቱ ካልተሸፈነ ድንጋዩ ነጽቶ ብርጭቆው ይደበዝዛል።

ለወህኒ ቤቱ ጊዜ ይተዉ። እኔ ከፍርድ ቤቱ አስበልጣለሁ፤ አርክቴክቶችም ብዙዎቹ ይስማማሉ። ፍርድ ቤቱ ብዙ ነገር ማስደሰት ነበረበት፤ ወህኒ ቤቱ ግን ግድግዳ ብቻ ነው፣ እንዳለ ድንጋይ። መሃሉ ስምንት ማዕዘን አዳራሽ ሆኖ የእስር ክንፎቹ ከዚያ ይዘረጋሉ፤ አንድ ጠባቂ መሃል ቆሞ ክንፎቹን ሁሉ እንዲያይ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ አርክቴክት ፍሬድሪክ ኦስተርሊንግ አስፋፍቶታል፤ የድንጋዩን ቋንቋ ስለጠበቀ ስፌቱን ለማግኘት መፈለግ ያስፈልጋል። የቅስት በሩን ድንጋዮች ርዝመት ያስተውሉ፤ እንዲያ ረጃጅም የሆኑት ከግድግዳው ጋር እንዲጠላለፉ ነው።

ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘው በሮስ ጎዳና ላይ የተዘረጋው ድንጋይ ድልድይ «የትካዜ ትንፋሽ ድልድይ» ይባላል፤ ስሙም ሐሳቡም ከቬኒስ ነው። አገልግሎቱ ግን ሙሉ በሙሉ የፒትስበርግ ነው፦ እስረኛ መንገድ ሳይነካ ከክፍሉ ወደ ችሎት ይሻገርበታል። ይህ ሁሉ ድንጋይ ሰው አያመልጥበትም ማለት አልነበረም። በ1902 ሞት የተፈረደባቸው ሁለቱ የቢድል ወንድማማቾች ወጥተዋል፤ መጋዝና ሽጉጥ ያስገባችላቸው የወህኒ ቤቱ አዛዥ ሚስት ኬት ሶፈል ነበረች፤ አብራቸውም ኮበለለች። ግንቡ አንድም ቦታ አልተበሳም።

ወህኒ ቤቱ እስከ 1995 አገልግሏል። ሌላ አዲስ ወህኒ ቤት ሲከፈት የአሮጌው ውስጡ ተለውጦ በ2000 የቤተሰብ ጉዳይ ችሎት ሆነ፤ ከእስር ክፍሎቹ የተወሰኑት ለመታያ ተትተዋል። አሮጌ ወህኒ ቤት ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥ ከባድ የሚሆነው መስኮቱ ለቢሮ የማይሆን፣ ግድግዳው የማይበሳ ስለሆነ ነው። እዚህ የረዳው የመሃሉ አዳራሽ ነው፤ ብርሃንና መተላለፊያ አስቀድሞ ነበረው።

ለማወዳደር ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ከቻሉ፣ የዚህ ሕንፃ ልጆች ሁለት ቦታ አሉ። ሚኒያፖሊስ ላሉ አንባቢዎች ቅርባቸው ነው፦ ሎንግ እና ኪስ የነደፉት የማዘጋጃ ቤትና የሄነፒን ካውንቲ ፍርድ ቤት ሕንፃ ነው፤ ግቢውም ማማውም ከፒትስበርግ የተቀዳ መሆኑ አይካድም፣ ግራናይቱ ግን የኦርቶንቪል፣ ሚኒሶታ ነው። ሌላው ቶሮንቶ ውስጥ በ1899 የተከፈተው አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ እሱም ችሎቶች ነበሩበት። የቶሮንቶው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለቅርጽ ይመቻል፣ ስለዚህ በጌጥ ተሞልቷል፤ ለአየር ጠባይ ግን እንደ ግራናይት አይበረታም፣ ፊቱ ይረግፋል።

ስለ ጉብኝቱ የቀረው ይህ ነው። ፍርድ ቤቱ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ስለሆነ በሥራ ቀን ይሂዱ፤ ፍተሻ አለ፣ ስለዚህ መለኪያ ሜትር እንጂ ቢላና ስለት ያለው መሣሪያ አይያዙ። ችሎት ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። 321 ቁጥር ችሎት በ1988 ለሕንፃው መቶኛ ዓመት ወደ ጥንት መልኩ ተመልሷል፤ ችሎት ከሌለ እንዲያሳዩዎት በሩ ላይ ያለውን ጠባቂ ይጠይቁ። ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ሲያስተያዩት ዝቅ ያለ ሰው ሠራሽ ጣሪያ ስንት ሜትር ቁመት ሊበላ እንደሚችል ያዩበታል።